ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ሲገባ፦ አዲስ ኩለር ከመግዛታችሁ በፊት

የአክስቴ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረገ ነው የሚኖረው። ኮምፒውተሩን ራሱ ነው የገጣጠመው፤ ዛሬ ራም፣ በሚቀጥለው ወር ማዘርቦርድ፣ እንዲህ እያለ ዕቃ በዕቃ። አንድ ቀን ደወለልኝ። "ኤክስፖርት ስሰጠው ወዲያው ፋኑ እንደ ጀነሬተር ይጮሃል፣ ከዚያ ማሽኑ ይንቀራፈፋል። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ሌሊቱን ሙሉ ፈጀብኝ" አለኝ። ሱቅ ወስዶት ነበር። እዚያ ያለው ልጅ ኬዙን እንኳ ሳይከፍት "ይሄ ኩለር አይችልም፣ የውሃ ኩለር ግዛ" ብሎታል። የተጠየቀው ብር ለአንድ ሰርግ ከሚከፈለው ብዙም አያንስም። "ምንም እንዳትገዛ፣ እሁድ እመጣለሁ" አልኩት።

እሁድ ሄጄ ችግሩን ለማግኘት ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ምን እንደነበር ቦታው ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ። አሁን የምለው አንድ ነገር ነው። ፕሮሰሰር ሲግል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዕቃ መቀየር ነው፤ እኔ ግን እስካሁን ከፍቼ ካየኋቸው ማሽኖች በብዙዎቹ ችግሩ የተፈታው ያለ ምንም ወጪ፣ ቢበዛ በአንድ ቱቦ ፔስት (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ነው።

ሙቀቱ መንገድ አለው። ከፕሮሰሰሩ ይነሳል፣ በፔስቱ አልፎ ወደ ኩለሩ ብረት ይገባል፣ ፋኑ ከብረቱ ገፎ ወደ አየር ያወጣዋል፣ የኬዙ ፋኖች ደግሞ ያንን ትኩስ አየር ወደ ክፍሉ ይጥሉታል። ከእነዚህ አንዱ ጋ ሲዘጋ ነው ማሽኑ የሚግለው። የእናንተ ሥራ የቱ ጋ እንደተዘጋ ማወቅ ነው። ለዚህ ደግሞ ከካቻቢቴ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ነው የሚያስፈልገው።

መጀመሪያ ለኩ

የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር የፕሮሰሰሩን ሙቀት አያሳይም። ስለዚህ ኤችደብሊውኢንፎ ወይም ኮር ቴምፕ አውርዱ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ከራሳቸው ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ፣ ቴሌግራም ላይ የተጫነውን ፋይል አትመኑ። ኢንቴል ከሆነ "ሲፒዩ ፓኬጅ" የሚለውን መስመር ነው የምታዩት። ኤኤምዲ ከሆነ ደግሞ "ቲሲቲኤል ቲዳይ" የሚለውን።

ፕሮሰሰሩን በሙሉ ኃይሉ አሠርቶ ለመፈተን ሲኔቤንች አር23 የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል። ዝም ብላችሁ ብታስነሱት 10 ደቂቃ ይሠራል፣ ለእኛ የሚያስፈልገን ያህል ነው። ፕራይም95 የሚባለውን ብዙ ሰው ይወዳል፤ እኔ ለዚህ ሥራ አልመክረውም። በተለይ "ስሞል ኤፍኤፍቲ" የሚለው ሙከራ ከማንኛውም የዕለት ሥራ በላይ ፕሮሰሰሩን ያሞቀዋል፣ ሰውንም ያለ ምክንያት ያስደነግጣል።

ወረቀቱ ላይ እነዚህን ጻፉ። ማሽኑ ምንም ሳይሠራ ለአስር ደቂቃ ሲቆይ ስንት ነው? ሙከራው በጀመረ በአምስት ሰከንድ ስንት ገባ? በአስረኛው ደቂቃስ? ፍጥነቱ ስንት ጊጋኸርዝ ላይ ነው፣ ስንት ዋት ይበላል? የክፍላችሁ ሙቀትስ? የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ግን ዋናዋ እሷ ናት። ኩለር አየሩን ከክፍሉ በታች አያቀዘቅዝም። አዲስ አበባ 20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 75 የሚገባ ማሽን ድሬዳዋ 33 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 88 አካባቢ ቢገባ ምንም አልተበላሸም። ልዩነቱ ያው 55 ነው። ዱባይ ወይ ሪያድ ሆናችሁ ኤሲ አጥፍታችሁ የምትለኩም ይህን ያዙ።

እና ስንት ሲሆን ነው ብዙ የሚባለው? ሥራ ሲፈታ ከ35 እስከ 50 ጤነኛ ነው። ራይዘን ፕሮሰሰሮች ብሮውዘር ስትከፍቱ ብቻ በአንድ ጊዜ 10 ዲግሪ ዘለው ይመለሳሉ፤ ባሕሪያቸው ነው፣ አትጨነቁ። ሙሉ ሥራ ላይ እስከ 85 ድረስ እኔ አልነካውም። ጣሪያው እንደ ሞዴሉ ይለያያል። የቅርብ ጊዜ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ 100 ነው። ራይዘን 5 3600 እና 5600ኤክስ 95፣ ራይዘን 7 5800ኤክስ 90፣ 7800ኤክስ3ዲ ደግሞ 89። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኤችደብሊውኢንፎ ላይ "ተርማል ትሮትሊንግ" ከሚለው አጠገብ "የስ" የሚል ካያችሁ እሱ ነው። መቀነሱ ካልበቃ ማሽኑ ድርግም ብሎ ይጠፋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ራይዘን 7000 ተከታታይ ውስጥ እንደ 7700ኤክስ እና 7950ኤክስ ያሉት ሙሉ ሥራ ላይ 95 ዲግሪ እንዲደርሱ ሆነው ነው የተሠሩት። እዚያ እስኪደርሱ ፍጥነታቸውን ይጨምራሉ፣ እዚያ ሲደርሱ ይረጋጋሉ። የእናንተ ይህ ከሆነና ፍጥነቱ ካልወረደ ችግር የለባችሁም። ሌላም አለ፦ ያገለገለ 1700ኤክስ ወይም 1800ኤክስ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ቲሲቲኤል ላይ የሚታየው ቁጥር ከእውነተኛው ሙቀት 20 ዲግሪ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ትክክለኛው ቲዳይ ላይ ያለው ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል

የጻፋችሁትን አሁን አንብቡት። ችግሩን የሚነግራችሁ የሙቀቱ አጨማመር ነው።

ሙከራው እንደጀመረ በሁለትና ሦስት ሰከንድ ውስጥ ከ40 ተነስቶ 95 ወይም 100 ከገባ፣ ሙቀቱ ወደ ኩለሩ ጨርሶ አልደረሰም ማለት ነው። ኩለሩ በደንብ አልተቀመጠም፣ ፔስቱ ደርቋል፣ አዲስ ኩለር ሥር የሚለጠፈው ላስቲክ አልተላጠም፣ የውሃ ኩለር ከሆነም ፓምፑ ቆሟል። እዚህ ጋ ኩለሩን በእጃችሁ ዳሰስ አድርጉት። ፕሮሰሰሩ 100 እያለ የኩለሩ ብረት ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ብቻ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ንክኪ የለም።

መጀመሪያ 70 ገብቶ፣ ከዚያ ቀስ እያለ በአምስትና በአስር ደቂቃ ውስጥ 90 ካለፈ ግን ሌላ ነው። ሙቀቱ ኩለሩ ጋ ደርሷል፣ ግን መውጫ አጥቷል። ይሄ የአቧራ፣ የፋን ወይም የኬዝ ጉዳይ ነው። ለማረጋገጥ የኬዙን የጎን ክዳን አውልቁና ሙከራውን ድገሙት። ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ከወረደ ጥፋቱ የኬዙ ነው፣ ኩለሩን አትውቀሱት። አንድና ሁለት ዲግሪ ብቻ ከሆነ ወደ ኩለሩ ተመለሱ።

ሥራ ሳይኖረው 65 ላይ የሚቀመጥስ? ታስክ ማናጀር ክፈቱ። ከጀርባ የሚሮጥ ነገር አለ። ዊንዶውስ አፕዴት ሊሆን ይችላል፣ አንቲቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ ክራክ ከተደረገ ሶፍትዌር ጋር ተጎትቶ የገባ ድብቅ የክሪፕቶ ማይነርም (በእናንተ ማሽን ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ፕሮግራም) ሊሆን ይችላል። ታስክ ማናጀር ስትከፍቱ ፋኑ ዝም ካለና ስትዘጉት እንደገና ከጮኸ፣ የመጨረሻውን ጠርጥሩ። አንዳንዶቹ ሲታዩ ይደበቃሉ።

ኩለሩ ጋ

ከመንካታችሁ በፊት ማሽኑን አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑት፤ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። የኬዙን ብረት ነካ አድርጉ። ፓወር ሰፕላዩን ግን በምንም ምክንያት አትክፈቱ፣ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

የአክስቴን ልጅ ማሽን ስለካው በሁለት ሰከንድ 100 ገባ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-12400 ነው፣ ኩለሩም ከሳጥኑ ጋር የመጣው። ብረቱን ስነካው ለብ ያለ ነበር። ኩለሩን በሁለት ጣት ያዝ አድርጌ ነቅነቅ ሳደርገው በአንድ በኩል ተነሳ። ይሄ ኩለር አራት እግር አለው። የእያንዳንዱ እግር ጫፍ ለሁለት የተሰነጠቀ ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ዘንግ አለ። ዘንጉ ወደ ታች ሲገፋ ነጩን ጫፍ ወደ ጎን ይከፍተውና ማዘርቦርዱን ከጀርባ ነክሶ ይይዛል። የኬዙን የጀርባ ክዳን ከፍቼ በባትሪ አየሁ። ሦስቱ ጫፎች ተከፍተዋል፣ በመሃላቸው ጥቁሩ ዘንግ ይታያል። አራተኛው ግን ቀዳዳው ውስጥ እንኳ አልገባም፤ ጠርዙ ላይ ተጣሞ ቆሟል። ከላይ ስታዩት አራቱም እኩል የተቀመጡ ይመስላሉ። በዚያ ማሽን ስድስት ወር ሠርቷል።

ስለዚህ የኢንቴል ኩለር ያላችሁ ከላይ አይታችሁ አትለፉ፣ ከጀርባ እዩ። ለማውለቅ የእግሩን ራስ ቀስቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ አዙራችሁ ወደ ላይ ሳቡ። መልሳችሁ ስትገጥሙ ግን ራሱን ወደ ቦታው መመለስ አትርሱ፤ ካልመለሳችሁት ይገባና አይዝም። በሰያፍ ግፉ፦ አንዱን ጥግ፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን ጥግ። ቀጭ ሲል ይሰማል። አራት ጊዜ ቀጭ ካላለ ጨርሳችኋል ማለት አይደለም። ብሎን ያለው ኩለር ከሆነም ያው ነው፤ አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻ አጥብቃችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፣ በሰያፍ ሁለት ሁለት ዙር እያደረጋችሁ አዙሩ።

ያገለገለ ኩለር ገዝታችሁ ከሆነ ሌላ ጥያቄ አለ። ለሶኬታችሁ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ፕሮሰሰሩ ለሚቀመጥበት ቦታ ነው ወይ የተሠራው? የኢንቴል 12ኛ፣ 13ኛ እና 14ኛ ትውልድ የሚቀመጥበት ኤልጂኤ1700 ሶኬት የኩለር ቀዳዳዎቹ መሃል ለመሃል 78 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። ከእሱ በፊት በነበሩት በ1200 እና በ115ኤክስ ላይ 75 ነበር። 3 ሚሊሜትር በዓይን አይታይም። በጉልበት ሲገፋ "ገባ" ይባላል፣ ግን አንዱ ጎን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለአዲሱ ሶኬት የሚሆን ማሰሪያ ከሌለው አትግዙት።

ኤኤም4 የሚባለው የኤኤምዲ ሶኬት ያላችሁ ደግሞ ኩለሩን ወደ ላይ ነቅላችሁ አትሳቡ። እባካችሁ። የደረቀ ፔስት እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ፕሮሰሰሩ ሶኬቱ እንደተቆለፈ ከኩለሩ ጋር ተጣብቆ ይወጣል፣ ከሥሩ ያሉት 1331 ቀጫጭን ፒኖችም ይጣመማሉ። ጓደኛዬ ላይ ደርሶ አብረን በምላጭ ጠርዝ አንድ በአንድ ስናቃና አምሽተናል። መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ ማሽኑን አስር ደቂቃ አሠሩት፣ ፔስቱ ይለሰልሳል። አጥፉ፣ ንቀሉ፣ ማሰሪያውን ፍቱ። ከዚያ ኩለሩን ግራና ቀኝ ቀስ እያላችሁ ጠምዝዙት፣ ሲላቀቅ ይታወቃችኋል። ያኔ አንሱት።

ኩለሩ ሲነሳ ሥሩን ተመልከቱ። "ከመግጠምዎ በፊት ይላጡ" ዓይነት ጽሑፍ ያለበት ቀጭን ላስቲክ እዚያው ተጣብቆ ካገኛችሁት፣ የወራት ጥያቄያችሁ ተመለሰ። ላስቲኩ ከሌለ የፔስቱን አሻራ እዩ። ጥሩ አሻራ ሁለቱም ፊት ላይ ስስ ሆኖ እኩል የተዳረሰ ነው። በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላ በኩል ከሌለ ኩለሩ ዘሞ ነበር። እንደ ደረቀ ጭቃ የሚፈረፈር ከሆነ ዕድሜው አልቋል።

ፔስቱን ለማጽዳት አይሶፕሮፒል አልኮል ካገኛችሁ ጥሩ፤ ካላገኛችሁ ከፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮልም ይሠራል። ውሃ ስላለው ግን አስር ደቂቃ ያህል ይድረቅ። ብናኝ የማይተው ሶፍት ተጠቀሙ። በነጭ ጋዝ ወይም በቤንዚን የሚያጸዱ አይቻለሁ፤ አታድርጉት፣ ቅባት ይተዋል። ከዚያ አዲሱን ፔስት መሃል ላይ የአተር ፍሬ ታህል ጠብታ አድርጉ። ኩለሩ ሲጫን ራሱ ያዳርሰዋል። ትላልቆቹ ባለ ብዙ ኮር ፕሮሰሰሮች ላይ በመስቀል ቅርጽ ብታደርጉት ይሻላል። ትንሽ ቢበዛ አይጎዳም፣ ቢያንስ ግን ይጎዳል። አርክቲክ ኤምኤክስ-4 ወይም ኖክቱዋ ኤንቲ-ኤች1 ካገኛችሁ ለዓመታት አትነኩትም። በየሱቁ ያለ ስም በትንሽ መርፌ የሚሸጠው ግራጫ ፔስት ለመሸጋገሪያ ይሆናል፣ ቶሎ ግን ይደርቃል። የጥርስ ሳሙና ይሠራል የሚሏችሁን አትስሙ፤ ለአንድ ቀን ይሠራል፣ ከዚያ ውሃው ሲተን ከነበረው የባሰ ይሆናል። ሊኩዊድ ሜታል የሚባለው ደግሞ አሉሚኒየም ይበላል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ለዚህ ሥራ አያስፈልጋችሁም።

የአክስቴ ልጅ ጋ ይህን ሁሉ አደረግን። ወጪው የእኔ ፔስት ነበር። ሲኔቤንች በአስረኛው ደቂቃ 76 ላይ ቆመ፣ ፍጥነቱም 4 ጊጋኸርዝ ላይ ሳይነቃነቅ። ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ "ሰኔ ላይ ያመለጠኝ ሥራ ነበር" አለኝ።

አየሩ ጋ

ቀስ ብሎ የሚግል ማሽን ያላችሁ፣ የእናንተ ተራ ነው።

መጀመሪያ ፋኑ ይዞራል ወይ? የፕሮሰሰሩ ፋን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ "ሲፒዩ ፋን" የሚለው ቦታ ነው መሰካት ያለበት። ሌላ ቦታ ከተሰካ ማዘርቦርዱ የኬዝ ፋን መስሎት ቀስ አድርጎ ሊያዞረው ይችላል። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ ፍጥነቱን እዩ። "ሳይለንት" ላይ ከሆነ 70 ዲግሪ ላይ 60 በመቶ፣ 85 ላይ 100 በመቶ እንዲደርስ አስተካክሉት። ድምፅ ይጨምራል፣ እውነት ነው። ግን ሥራ ላይ የሚጮህ ማሽን ሥራ ላይ ከሚቆም ይሻላል።

ከዚያ አቧራው። የአዲስ አበባን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል። በተለይ በበጋ፣ በተለይ ሠፈራችሁ መንገድ ወይም ሕንፃ እየተሠራ ከሆነ፣ ሦስት ወር ይበቃዋል። ከኩለሩ ፋን ሥር፣ በብረቱ ቅጠሎች መሃል፣ ልክ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ታገኙታላችሁ። ፋኑ ይዞራል፣ ግን የሚነፍሰው ብርድ ልብሱን ነው። ፋኑን አውልቃችሁ ለስላሳ የቀለም ብሩሽና የእጅ ብሎወር ተጠቀሙ።

ብዙ ሰው ጎሚስታ ወስዶ ያስነፋል። እኔ ብዙም ደስ አይለኝም። የጎማ ኮምፕሬሰር ታንክ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፣ ከአየሩ ጋር እየረጨ ይወጣል፣ ግፊቱም ለጎማ እንጂ ለማዘርቦርድ አይደለም። ሌላ አማራጭ ከሌላችሁ መጀመሪያ አየሩን ወደ መሬት አስነፉና ውሃ እንደሌለው እዩ፣ ከአንድ ክንድ ርቀት አድርጉት፣ የፋኖቹን ክንፍ በጣት ያዙ። ፋን በአየር ግፊት በኃይል ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይበላሻል፣ ኤሌክትሪክም ወደ ማዘርቦርዱ ሊልክ ይችላል። ከዚያ ሳታበሩት ጥቂት ሰዓት ይቆይ።

የኬዝ ፋኖች አቅጣጫ ሌላው ነው። ፋን ሁለት ፊት አለው። ክንፎቹ ያለ መከለያ የሚታዩበት ፊት አየር ይስባል፤ ሞተሩን የሚደግፉ የፕላስቲክ ዘንጎች ያሉበት ፊት አየር ያወጣል። ከፊት የሚያስገባ፣ ከኋላና ከላይ የሚያስወጣ ይሁን። ከተጠራጠራችሁ ቁራጭ ሶፍት አስጠጉ፤ ከተሳበ ያስገባል፣ ከተገፋ ያስወጣል። ሁሉም ፋን ሲያስወጣ ያየሁት ኬዝ ነበር፤ አየሩ በየቀዳዳው ከነአቧራው ነበር የሚገባው።

ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ኬዝ ያምራል። ሦስት ባለ መብራት ፋን ከጀርባው ተደርድሮ፣ አየር የሚገባበት ግን ከጎን የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ብቻ። የፊቱን ክዳን አውልቃችሁ ለኩና ልዩነቱን እዩ። ብዙ ከወረደ፣ ክዳኑን በትንሽ ስፔሰር ወደ ፊት ገፋ አድርጋችሁ ማሰር ይቻላል። ኬዝ ገና ካልገዛችሁ ፊቱ ወንፊት የሆነውን ምረጡ። ማሽኑን ምንጣፍ ላይ፣ ከመጋረጃ ሥር ወይም በተዘጋ የጠረጴዛ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡ። ከግድግዳም አንድ ስንዝር ይራቅ።

አዲስ አበባ ያለን ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለብን። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አየሩም በባሕር ጠለል ካለው አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ ያው ቢዞርም ከብረቱ ላይ ሙቀት የሚወስደው አየር ያንሳል። ዩትዩብ ላይ ኩለር የሚሞክሩት አብዛኞቹ ዝቅ ባለ ቦታ ናቸው፤ እዚያ 70 ያለው ኩለር እኛ ጋ በዚያው የክፍል ሙቀት ትንሽ ከፍ ይላል። ክፍላችን ቀዝቀዝ ያለ መሆኑ ብዙውን ያካክስልናል። ድንበር ላይ የሆነ ኩለር ስትመርጡ ግን አንድ ደረጃ ከፍ በሉ።

ባዮስ ጋ

ሁሉም ትክክል ሆኖ አሁንም ከጋለ፣ ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ዋት እየተሰጠው እንደሆነ እዩ። አይ5-12400 ስሙ 65 ዋት ነው፣ በቱርቦ ጊዜ፣ ማለትም ፍጥነቱን ከመደበኛው በላይ ሲጨምር፣ ኢንቴል እስከ 117 ይፈቅድለታል። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ግን መጀመሪያ ስትከፍቷቸው ምን ዓይነት ኩለር እንዳላችሁ ይጠይቃሉ፣ "ውሃ" ብላችሁ ከመለሳችሁ የዋቱን ገደብ ጭራሽ ያነሱታል። ባዮስ ውስጥ የፓወር ሊሚት ቦታ ላይ 4096 የሚል ቁጥር ካያችሁ ገደብ የለም ማለት ነው። ትንሽ ኩለር ካላችሁ ወደ 65 ወይም 80 አውርዱት። ኤዲቲንግ ላይ የምታጡት ፍጥነት ከምትፈሩት ያነሰ ነው።

ኤኤምዲ ላይ "ኢኮ ሞድ" የሚባል አለ፤ እንደ 7700ኤክስ ያለውን ከ142 ዋት ወደ 88 ያወርደዋል። ለዕለት ሥራ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፣ ሙቀቱ ግን በብዙ ይወርዳል። እኔ ብሆን እዚህ ጋ ነበር የምጀምረው።

የኢንቴል 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ያላችሁ ባዮሳችሁን አዘምኑ፣ ይህ አማራጭ አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. ኢንቴል እነዚህ ፕሮሰሰሮች ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን እንደሚጎዱ አምኖ በባዮስ በኩል ማስተካከያ አውጥቷል። ስታዘምኑ ማሽኑ ዩፒኤስ ላይ ይሁን። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል።

ባዮስ መግባት ለሚፈራ ጊዜያዊ መፍትሔ አለ። ዊንዶውስ ውስጥ የፓወር ፕላን ዝርዝር ላይ "ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት" የሚለውን ከ100 ወደ 99 አድርጉ። በብዙ ማሽኖች ላይ ቱርቦው ይጠፋል፣ ሙቀቱም ወዲያው ይወርዳል። ፍጥነት ይቀንሳል፣ ግን ሰርጉ ነገ የሚረከብ ከሆነ ያደርሳችኋል።

የውሃ ኩለር ያላችሁ

ፓምፑን አረጋግጡ። ባዮስ ውስጥ ዙሩ ዜሮ ከሆነ ወይም ጆሮ ስታስጠጉ ምንም ካልተሰማ ሞቷል። ሁለቱን ቱቦ ዳስሱ፤ አንዱ የሚያቃጥል ሌላው የሚቀዘቅዝ ከሆነ ውሃው አይዞርም። የጉርጉር ድምፅ ከሰማችሁ አየር ገብቷል። ፓምፑ ከራዲያተሩ ጫፍ በላይ መሆን የለበትም፣ አየሩ ፓምፑ ላይ ይሰበሰባል። ከዓመታት በኋላ ውሃው በቱቦው ውስጥ እያለፈ ቀስ በቀስ ይተናል፣ አብዛኞቹ ደግሞ መሙያ የላቸውም። ለዚህ ነው ሰው ሲጠይቀኝ አየር ኩለር የምመክረው። እዚህ አገር ፓምፕ ቢሞት መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም፣ ፋን ቢሞት ግን አንድ ሱቅ ገብታችሁ ትገዛላችሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ከ90 በላይ ከሆነ፣ ያኔ ኩለር ግዙ፣ በልበ ሙሉነት። እንደ ዲፕኩል ኤኬ400 ወይም ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ ያለ ማማ ኩለር ለአብዛኛው ሰው ይተርፋል። ሁለቱም ቁመታቸው 155 ሚሊሜትር ስለሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ከማዘርቦርዱ እስከ ኬዙ ክዳን ያለውን በማስመሪያ ለኩ።

በየደረጃው አንድ ነገር ብቻ ነው የምትቀይሩት። ፔስትም፣ ፋንም፣ ባዮስም በአንድ ቀን ነክታችሁ ቢድን የትኛው እንዳዳነው አታውቁም፣ ተመልሶ ሲግል ከዜሮ ትጀምራላችሁ። እኔ ስጨርስ የኬዙ ክዳን ውስጠኛ ፊት ላይ ቁራጭ የቁስል ፕላስተር እለጥፍና በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ። የአክስቴ ልጅ ማሽን ላይ ያለው ቀኑን ከጻፍኩ በኋላ እንዲህ ይላል፦ "ክፍል 21፣ ሥራ ሲፈታ 38፣ አስረኛ ደቂቃ 76፣ ፔስት አዲስ።" ከአራት ወር በኋላ ራሱ ከፍቶ ለክቶ 81 አገኘ፣ ብሩሽ አንስቶ አቧራውን ጠረገ፣ ከሥሩም "77" ብሎ ጨመረበት።